ቁልፉን በእጄ አልሰጠኝም

ሰውዬው ሞተር ሳይክሉን በፒክአፕ ጭኖ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ ገና አልጠራም ነበር፤ ለእኔ ሥራ ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም። ደመና ሲኖር ኒኬሉ ዓይን አይወጋም፣ ጥላውም አይከብድም።

ከሁለት ቀን በፊት በስልክ ሲቀጥረኝ ስሙን ብቻ ነበር የነገረኝ፤ ጆንተር። ሜዳን ከተማ ውስጥ አሮጌ መኪናና ሞተር እያደሰ እንደሚሸጥ፣ ይህኛውን ባሊ ደሴት ያለ ሰው እንደፈለገው፣ ሰውየውም "የቲዮ ፎቶ ካልሆነ አላይም" እንዳለው ነገረኝ። ገዢው እስከ ቀትር ፎቶውን አይቶ ይወስናል። እሺ ካለ ሞተሩ ዛሬውኑ ወደ ወደብ ይሄዳል።

ሥራዬ ይህ ነው። የእርሻ ኩባንያ አለቆች ጥለዋቸው የሄዱ መኪኖችን፣ የከተማችንን የሲያንታርን ባለ ጋሪ ሞተሮች፣ አንዳንዴም የሟች አባት ጋራዥ ውስጥ የተገኘ ስኩተር አነሳለሁ። ካሜራውን መቆሚያው ላይ አስሬ፣ ሳላነቃንቀው፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ፤ አንዴ ጨለም አድርጌ፣ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ፈካ አድርጌ። ጨለም ያለው ሰማዩንና ኒኬሉን ይይዝልኛል፤ ፈካ ያለው ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለውን ያወጣልኛል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሦስቱን አጋባቸዋለሁ። ኤችዲአር ይሉታል። ወጣቶቹ ሲሠሩት ሞተሩ የሠርግ ኬክ ይመስላል፤ ጎማው ሳይቀር ያበራል። እኔ ሰው ቆሞ ሲያይ ዓይኑ የሚያገኘውን ያህል ብቻ ነው የምተወው፤ ጥላ የነበረው ጥላ ሆኖ ይቀራል። ገዢዎች የሚያምኑኝም ለዚህ ነው። ቲዮ ዝገት አትደብቅም፣ የሌለ ብርሃንም አትጨምርም ይላሉ።

ሞተሩ ከፒክአፑ በጣውላ ሲወርድ ኦፑንግ ማሮሎፕ ደጃፌ ላይ ነበሩ። ኦፑንግ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ይጠራቸዋል። ሃምሳ ዓመት ቢኤስኤ የሚባለውን ባለ ጋሪ የእንግሊዝ ሞተር እየነዱ የሲያንታርን ሰው ያመላለሱ፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት የገበያ ሴቶችን ከነዘንቢላቸው የሚያደርሱ ሰው ናቸው።

"አረንጓዴ ቀባችሁት?" አሉ ዙሪያውን እየዞሩ።

"ገዢው አረንጓዴ ይወዳል፣ ኦፑንግ" አለ ጆንተር።

"ገዢህ ፍየል ነው?"

ጆንተር ሳቀ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ እጅጌውን የጠቀለለ፣ ጥፍሩ ሥር ዘይት ያለበት ሰው ነው፤ ሳቁ አያስጠላም። የኦፑንግን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ወዲያው ጎሳ ተጠያየቁ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኦፑንግ አጎት፣ እሱ የእህት ልጅ ሆነው አረፉት። ከጎኔ ኑድል የምትሸጠውን ሴትዮም ጨበጣት። እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት እርምጃ ቀርቶት ቆመና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

"እንደምን አደሩ" አለኝ። በቃ።

የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ቁልፍ የለውም፤ መርገጫውን መምታት የቻለ ሁሉ አስነስቶት ይሄዳል። ስለዚህ በእኛ ከተማ በሰንሰለት ነው የሚታሰረው። ጆንተርም ከበረንዳዬ ብረት ጋር አሰረውና "ሲፈልጉ ፈተው ያዙሩት" ብሎ የጓጉንቸሩን ቁልፍ አወጣ። እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ቁልፉን ከእጄ አልፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

እጄን መለስኩ። ያን ጊዜ የቸኮለ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት፤ ያላለፍኩት ሌላውን ነው። በእኛ በባታክ ሕዝብ ዘንድ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ በመጀመሪያ ጎሳ ይጠያየቃሉ። ጎሳ ሳይታወቅ ሰውን እንዴት እንደምትጠራው አታውቅም፤ እህት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ የአጎት ሚስት ትሁን። ደጃፌ ላይ የተጻፈው "ቲዮ ፎቶ" ብቻ ነው፤ የአባቴም የባሌም ጎሳ የለበትም። ኦፑንግን የጠየቀ ሰው እኔን አልጠየቀኝም። የማይጠይቅ ሰው ደግሞ ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ መልሱን ያውቃል። ባለጌ አይመስልም ነበር።

"አንድ ነገር" አለኝ ካሜራውን ስዘረጋ። "ገዢው ተፈጥሯዊ የሆነውን ነው የሚወደው። ከታንኩ ሥር፣ ከኮርቻው ሥር ብዙ ባያፈኩት ጥሩ ነው። ጥላው ጥላ ሆኖ ይቅር።"

በስድስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሻጭ የሚለምነው በዚህኛው ጎን ጭረት አለ፣ በዚያኛው አንሺልኝ እያለ ነው። ይሄ ሰው ግን የራሴን ሕግ በራሴ ፊት ይለምነኝ ነበር።

"እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የምሠራው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ፤ ቶሎ ብሎ ደግሞ፣ "ማለቴ፣ ይባላል።"

ከዚያ ሞተሩ እንደሚሠራ ሊያሳየን መታው። አንዴ ሳለ፣ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ በሦስተኛው ያዘ። ኦፑንግ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ሰሙ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

"ምነው፣ ኦፑንግ?"

"ምንም። ያረጀ ሞተር ሁሉ ይስላል" አሉ። "እኔም እስላለሁ።"

ሞተር አዋቂ ሰው ሲዋሽ ያስታውቃል።

ባለቤቴ ሳሃላ እንዲህ ያለ ሞተር ነበረው። ጥቁር ነበር፤ ታንኩም ሌላ፣ ኮርቻውም ሌላ። ከአባቱ የወረሰው ነው። ሳሃላ የሚጠግነውን ነገር ሁሉ ሲጨርስ በምስማር ሦስት ነጥብ ይመታበት ነበር፤ ድስት ይሁን፣ የበር ማጠፊያ ይሁን። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። የሞተሩ ሻንሲ ከኮርቻው ሥር በተሰነጠቀ ጊዜ በነሐስ በየደውና እዚያም ሦስት ነጥቡን መታ።

ከአራት ዓመት በፊት ሜዳን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ሞተሩን ልሸጠው ገዢ አገኘሁ። ለሳሃላ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ "እሺ" አለ። በሳምንቱ ሞተሩን ላስረክብ ወደ ሲያንታር ስመጣ ሞተሩ የሚቆምበት መጋዘን ባዶ ነበር። ጓጉንቸሩ ግን በቦታው፣ እንደተቆለፈ፣ ሳይሰበር ተንጠልጥሏል። ፖሊሱ ቁልፍ ያለው ማን ነው አለኝ። ሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ የእኔ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ የሳሃላ መክፈቻዎች ላይ፣ ሆስፒታል መሳቢያ ውስጥ። ሄጄ አየሁ፤ ሁለቱም ነበሩ። ፖሊሱ ጽፎ ደብተሩን ዘጋ።

የሚሸጥ ነገር ሲጠፋ ሳሃላን ወደ ቤት ወሰድኩት። ዘጠኝ ቀን ኖረ።

ሌባው የወሰደብኝ ሞተር አልነበረም፤ ሳምንታት ነው። ስንት ሳምንት እንደሆነ ሐኪም እንኳ አይነግረኝም፤ እኔ ግን አራት ዓመት ስቆጥር ኖሬአለሁ። ሰውን ሁሉ ጠርጥሬአለሁ። ጎረቤት፣ የሳሃላ ጓደኞች፣ ኦፑንግንም ሳይቀር። ከሁሉም አብልጬ የጠረጠርኩት የሳሃላን አንድ እህት፣ ላስማን ነው፤ መጋዘኑን ታውቀዋለች፣ ሞተሩ ከአባቷ ቤት የወጣ ነው፣ በቀብሩም ቀን ዓይኔን አላየችኝም። ማስረጃ ስለሌለኝ ምንም አላልኳትም። ከሁለት ዓመት በፊት የሠርግ ጥሪ ካርድ ስትልክልኝ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነበር ሰንሰለቱን ፈትቼ ሞተሩን ወደ ብርሃኑ ያዞርኩት። ተንበርክኬ በባትሪ ማየት እችል ነበር። ነገር ግን ጆንተር ከእጄ ላይ ዓይኑን አያነሳም። ካሜራ ግን ማንም አይጠረጥረውም። መቆሚያውን እስከ መሬት ዝቅ አደረግኩት።

"ይሄን ያህል ዝቅ?" አለ።

"ከዝቅታ ሲነሳ ሞተር ግርማ ያገኛል።"

"ሰውም እንደዚያው ነው" አሉ ኦፑንግ፤ "እኔን ግን ከላይ አንሺኝ፣ አፍንጫዬ ፀጉር አለበት።"

ጨለም፣ እንዳለ፣ ፈካ። ከኋላው መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ነበር። ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ አነሳሁ፤ ከኮርቻው ሥር ደግሞ ሁለት ጊዜ። ፈካ ያለውን ሳነሳ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ።

ኦፑንግ የጋሪያቸውን ሸራ እያስተካከሉ "እኔ ልሂድ፣ ሴቶቼ ገበያው ላይ ሥር አበቀሉ" አሉ።

"ትንሽ ቢቆዩ፣ ኦፑንግ" አለ ጆንተር። "እስክንጨርስ ብቻ።"

"እኔ ምን ልሠራልህ? ፎቶ አንሺ አይደለሁ፣ ሞተር አልገዛ።"

"እንዲሁ ይቀመጡልኝ። ሻይ ላምጣልዎ።"

ሄዶ ከኑድል ሻጯ ሻይ አመጣላቸው። የራሱን ረሳ። እኔ ሻንሲውን ከበረንዳው ብረት ጋር መልሼ አሰርኩና ጓጉንቸሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉንም መልሼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ያን ጊዜ ካፊያ ጀመረ።

"ይግቡ" አልኩት። "ኮምፒውተሩ ላይ አብረን እንያቸው። ለገዢው የሚሄደውን ይምረጡ።"

"አይ፣ እዚህ ይሻለኛል።"

"እየረጠቡ ነው እኮ።"

"ግድ የለም።" ውኃው በአንገቱ ወደ ውስጥ ይወርድ ነበር። ወደ ኦፑንግ ዞረ፤ "እርስዎ አይገቡም?"

"እኔ ሻይዬ ላይ ነኝ።"

"እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ።"

ብቻዬን ገባሁ። የክፍሌ በር ወለል ብሎ ክፍት ነው፤ ሁለት ወንበር አለ፤ በየሳምንቱ ወንድ ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ ፎቶውን ይመርጣል። ይሄ ሰው ሦስተኛ ሰው ካልኖረ አንድ ጣሪያ ሥር ከእኔ ጋር አይቀመጥም። ቁልፍ በእጄ አይሰጠኝም። ኑድል ሻጯን ግን ጨብጧታል።

በእኛ ልማድ ሴት፣ ከአማቷ ሌላ፣ ከአንድ ወንድ ብቻ እንዲህ ትጠበቃለች፤ ከባሏ እህት ባል። ባኦ እንባባላለን። ባኦና ባኦ ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ ብቻቸውን አንድ ቤት አይውሉም፣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ አንዱ ያነሳል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን እንስቅበት ነበር። ግን የሳቀውም ሰው ባኦው ፊት ሲቆም እግሩ ራሱ ወደ ኋላ ይላል። አፍ ይዋሻል፤ እጅ ያደገበትን አይረሳም።

ሳሃላ አንድ እህት ብቻ ነው ያለችው።

ካርዱን ከመሳቢያው ሥር ፈልጌ አወጣሁና ከፈትኩት። ላስማ፣ ይላል። ከሥሩ፣ ጆንተር።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ፎቶዎቹን ጫንኩ። ከኮርቻው ሥር ያለውን ፈካ ያለውን አሰፋሁት። አዲሱ ቀለም ወፍራም ነው፤ ከሥሩ ስቱኮ ተለስኖበታል። ቢሆንም የነሐሱ ብየዳ እንደ ጠባሳ ጎላ ብሏል። ከጫፉ ላይ፣ ቀለም የሞላቸው፣ አንድ መስመር የያዙ ሦስት ነጥቦች።

ብዙ አላየኋቸውም። ሌላውን ፎቶ ከፈትኩ፤ ከጎን የተነሳውን፣ አጥሩ ከኋላ ያለበትን። ኮምፒውተሩ ሦስቱን ሲያጋባ፣ በሦስቱ መካከል የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ግማሹ ይጠፋል፤ ቅጠል ይሁን ሰው ገላው ያሳልፋል፣ ከኋላው ያለው ይታያል። በሙያችን መንፈስ ይሉታል። ሁሌም አጠፋዋለሁ። አሁን ከአጥሩ ሥር አንዲት ሴት ሁለት ቦታ ላይ በግማሽ ቆማለች፤ ገላዋን አልፎ የአጥሩ ብረት ይታያል። ወደ መሐለኛው ፎቶ ሄድኩ፤ እዚያ ሙሉ ናት። ፊቷን ጃንጥላ ከልሎታል። ነገር ግን ቀኝ እጇን ወደ ኋላ አዙራ የግራ ክንዷን ክርን ይዛለች። በዓለም ላይ እንዲህ የሚቆም ሌላ ሰው አንድ ነበር፤ እሱን ቀብሬዋለሁ።

በረንዳው ላይ ወጣሁና መጀመሪያ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳሁ።

"ጨረሱ?" አለ ጆንተር።

"ባኦ" አልኩት፤ "ባለቤትዎን ይጥሯት። ማዶ ዝናብ ላይ ቆማለች።"

ጆንተር ወደ ማዶ ዞሮ አየ። ኦፑንግ የሻይ ብርጭቆውን ከከንፈራቸው አወረዱ።

"ባኦ?" አሉ። "ለካ በመካከላችሁ ግድግዳ አድርገህኝ ነው። እኔ ደግሞ ለሻዩ የወደደኝ መስሎኛል።"

"ኦፑንግ፣ ይቅርታ..."

"ግድግዳ እንኳ ሁለተኛ ሻይ ይገባዋል።"

ጆንተር እጄን አየ። "ቁልፉን ከሰጡኝ ሞተሩን ይዤ እሄዳለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ገዢውንም ትቼዋለሁ እለዋለሁ። ጠብ አልፈልግም።"

"ይውሰዱ" አልኩት። መዳፌን ዘረጋሁለት፤ ቁልፉ መዳፌ ላይ ነበር።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ።"

"አላስቀምጥም።"

እንዲሁ ቆየን። ለመንጠቅ ግማሽ ክንድ አይቀረውም ነበር፤ ግን ያቺ ግማሽ ክንድ ከሜዳን እስከ ሲያንታር ካለው መንገድ ትረዝምበት ነበር። በመጨረሻ ዞሮ ወደ ማዶ እጁን አነሳ።

ላስማ መንገዱን ቀስ ብላ ተሻገረች። ከስታለች። ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ከበረንዳው ደረጃ በታች ቆመች።

"ኤዳ" አለችኝ፤ የወንድም ሚስትና የባል እህት የምንጠራራበት ነው። አራት ዓመት ከማንም አልሰማሁትም ነበር።

"መች ነው የወሰድሽው?" አልኳት።

"ቅዳሜ። ሊመሽ ሲል።"

"በምን ቁልፍ?"

"በእሱ።"

"የእሱ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሄጄ አይቻለሁ።"

"መልሼው ነዋ" አለች። "ልብሱን አጥቤ ሳመጣ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ መለስኩለት፤ መሳቢያው ውስጥ የከተተው እሱ ነው። የወሰድኩትም በዚያው ቦርሳ ነው። አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።"

ያን ቦርሳ አስታውሰዋለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ዚፑ የተበላሸ። ላስማ ልትጠይቀው በመጣች ቀን የሳሃላን የቆሸሸ ልብስ አጭቄ አሳጥቢልኝ ብዬ ሰጠኋት። ማታ ሳሃላ ዓይኑን ገልጦ "ቦርሳውን ለላስማ ሰጠሻት?" አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠየቀኝ። መድኃኒቱ ያስረሳዋል ብዬ ነበር።

"ቁልፉ ውስጡ እንዳለ ታውቂ ነበር?"

"ሲነግረኝ አጠገቤ አልነበርሽም። ውኃ ልትቀጂ ወጥተሽ ነው።" ጃንጥላው እጇ ላይ ተወላገደ። "'ሞተሩን አውጪው' አለኝ። 'ከሸጠችው እስኪያልቅ ድረስ እዚህ ታስቀምጠኛለች። የሚሸጥ ካጣች ወደ ቤት ትወስደኛለች' አለ። እምቢ አልኩት፣ ኤዳ። አልቅሼ ነው እምቢ ያልኩት።"

"ጓጉንቸሩን ለምን መልሰሽ ቆለፍሽው?"

"እሱ ነው ቆልፊው ያለኝ። 'ቲዮ ክፍት በር ስታይ ትደነግጣለች' አለ።"

ያልተሰበረው ጓጉንቸር ነበር አራት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ። ሌባ ሰብሮ ቢገባ ኖሮ ሌባ ብዬ እተወው ነበር። የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ ዘመዱን ሁሉ ተራ በተራ ያስጠረጠረኝ ያ ደህና ቁልፍ ነው።

"ለምን ለእኔ አልመለስሽውም?" አልኩ። "ከቀብሩ በኋላ።"

"ምን ብዬ?"

ቁልፉን ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርኩ።

"አራት ዓመት ሸራ ለብሶ ቆመ፤ ከሠርጋችን ወዲህ ጆንተር ጋራዥ ውስጥ" አለች። "ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ተነስቼ ባልዲ አስቀምጣለሁ። አልነዳው፣ አልጥለው። ባሊ ያለው ሰው ሲጠይቅ ይሂድ አልኩ። ግን 'የቲዮ ፎቶ ካልሆነ' ሲል..." አቋረጠች። "አንቺ ሳታዪው እንዲሄድ አልፈለግኩም። እንድታውቂውም አልፈለግኩም። እኔ እንጃ።"

ጆንተር ከሞተሩ ወዲያ ጎንበስ እንዳለ፣ "እኔ አትቅቢው ብያት ነበር" አለ ለመሬቱ።

"አንተ ነህ አይደል የቀባኸው?" አሉ ኦፑንግ።

"እሷ ናት ቀለሙን የመረጠችው።"

"ፍየሏ ታወቀች እንግዲህ።"

ላስማ ሳትፈልግ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔም የሳሃላን ከንፈር አየሁ፤ ወደ ሞተሩ ዞርኩ።

ያመንኳት እንደሆነ አላውቅም። የሞተ ሰው ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ሚዛን የለውም፤ ምስክሩ እሷው ናት። አጥፍታ ሳለ በእሱ ስም ልትድን ትችላለች። ግን ቦርሳውን እኔ ነኝ የሰጠኋት። ሁለት ጊዜ የጠየቀኝንም እሷ አላወቀችም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደግሞ "እሺ" ሲለኝ የቆየባት ያቺ ዝምታ አለች። ያኔ ለሞተሩ አዝኖ መስሎኝ ነበር።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ባሊ ያለው ሰው ነበር፤ ቀትር ሆነ እኮ፣ ፎቶው የታለ ይላል።

ገብቼ ተቀመጥኩ። በሥራዬ ጥላን ከመጠኑ በላይ አፍክቼ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ከኮርቻው ሥር ያለውን ፈካ ያለውን ፎቶ ብቻውን፣ ሳላጋባው፣ ላክሁለት፤ ስቱኮው፣ ብየዳው፣ ሦስቱ ነጥብ ቁልጭ ብለው እንደሚታዩ። ከሥሩ ጻፍኩ፦ "ሻንሲው ተሰንጥቆ ተበይዷል። የበየደው ባለቤቴ ነው። የባለቤትነቱ ወረቀት እኔ ጋ ነው። ዛሬ አይሸጥም።"

ኮምፒውተሩ የጎኑን ፎቶ እንደዘረጋው ነበር፤ መንፈሱን ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳልመልስለት ወጣሁ።

ካፊያው አባርቷል። ኦፑንግ ጋሪያቸው ላይ ወጥተው መርገጫውን ሊመቱ እግራቸውን አንስተዋል።

"አሁንስ ልሂድ? ግድግዳነቴ አበቃ?"

"ይሂዱ፣ ኦፑንግ" አልኩ። "እሷ አለች።"

"ከአሁን በኋላ በሰዓት ነው የማስከፍለው" አሉ ለጆንተር፤ ሞተራቸውን አስነስተው ወደ ገበያው ወረዱ።

ጆንተር ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ከፍቶ ተቀመጠ። ላስማ ጃንጥላዋን አጥፋ ደረጃውን ወጥታለች፤ በቀሚሷ ጫፍ የሞተሩን ኮርቻ ታደርቅ ነበር። አጠገቧ ሄጄ መዳፌን ከፈትኩላት። እሷ ከእጄ መውሰድ ትችላለች፤ በመካከላችን የሚከለክል ልማድ የለም።

ቁልፉን አየችው፤ አልወሰደችውም። ከዚያ ወደ ኮርቻው ተመለሰች፤ በሌላኛው ጎን ውኃ ቀርቶ ነበር።

መዳፌን ገጠምኩ።

"ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ" አልኳት። "ስቱኮውን ማን እንደሚልጠው እንነጋገራለን።"